ያልጨረስኩት ስለት

ሰይጣን ቀንድና ጅራት አለው ብለው ያሳደጉን ሰዎች ሳያውቁት ጎድተውናል። ቀንድ ያለው ነገር ቢመጣማ ማን ይሳሳታል? አማትቦ መሮጥ ነው። እኔ ዘንድ የመጣው ግን ክብ ማኅተምና የማይነበብ ፊርማ ነበረው። እኛ ደግሞ፣ እናንተም አትደብቁኝ፣ በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም ብለን ወዳጅ እስክንቀያየም የምንከራከር ሰዎች፣ ማኅተም ያረፈበትን ውሸት ከውሸት አንቆጥረውም። «ወረቀት አሠራ» እንላለን፣ አጥር አሠራ እንደምንለው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ነቀምቴ የኬሚስትሪ መምህር ሆኜ ስመደብ ባለቤቴ እታገኝ ፍቼ ነርስ ነበረች። አንድ ዓመት ታግሠን እንገናኛለን ተባባልን። ስድስት ዓመት ሞላን። ልጃችን ማርያማዊት ተወልዳ አምስት ዓመቷን ስትይዝ፣ እኔን የምታውቀኝ በስልክና በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ወደ ፍቼ መዛወር የሚፈልገው መምህር ብዙ፣ ክፍት ቦታው ጥቂት ስለሆነ በነጥብ ያወዳድሩናል፤ ነጥብ የሚያስገኘው ደግሞ በሽታ ነው። ጤነኛ ሰው ወረፋውን ይጠብቃል።

ባልደረባዬ ታረቀኝ አምና የተዛወረው «የነቀምቴ አየር አልተስማማውም» የሚል የሐኪም ወረቀት አያይዞ ነው። ልብ በሉ፣ ታረቀኝ በዚሁ ባልተስማማው አየር፣ በወለጋው ሥራሥር በአንጮቴና በለጋ ቅቤ፣ ሦስት ጊዜ ቀበቶ የቀየረ ሰው ነው። ዘንድሮ ወረቀቱን ከሠራለት ሰው ጋር አገናኘኝ። «ምን ያስፈራሃል ወንድሜ? የምታማው አየርን ነው፤ አየር አይከስህ!» አለኝ በስልክ። አሠራሁ። ለእታገኝም የወረቀቱን ነገር አጫውቼ «ዘንድሮ ቁርጥ ነው» አልኳት።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የዝውውር ቅጹን ከማስገባቴ በፊት ቅዱስ ገብርኤል ሄድኩ። ንስሐ ልገባ እንዳይመስላችሁ፤ ስለት ልሳል ነው! ወረቀቱን በደረት ኪሴ ይዤ፣ በሩን ተሳልሜ፣ «ቅዱስ ገብርኤል ሆይ፣ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጃንጥላ አገባልሃለሁ፣ ይህች...» አልኩና ቆምኩ። ይህች ምን? «ይህች ውሸቴ ሳትታወቅ ካለፈችልኝ» ብዬ ለመጨረስ አፌ እምቢ አለኝ። በውሸት አማላጅ የሚሆን መልአክ የት ተገኝቶ? ሦስቱ ልጆች ለወርቅ ምስል አንሰግድም ብለው እሳቱን መረጡ። እኔ ከእሳት ባወጣቸው መልአክ ፊት የቆምኩት፣ ለአንዲት የጎማ ማኅተም ሰግጄ ነው። በዚያ ላይ በእኔ ነጥብ ወደኋላ የሚቀረው በእውነት የታመመ መምህር ሊሆን ይችላል። አፈርኩ። «ጌታ ሆይ፣ ናፍቆቴን ታውቃለህ፤ በዚህ በር ግን አታውጣኝ» አልኩ። አለቀስኩም፤ ምን እደብቃችኋለሁ። ወረቀቱን አራት ቦታ ቀድጄ ከግቢው ስወጣ ደስታው ዳገቱን አስረሳኝ። ድል ያደረገ ሰው እንዴት እንደሚራመድ ያን ቀን አወቅኩ።

የሚከብደው ለእታገኝ መንገሩ ነበር። ማታ ደውዬ ነገርኳት። «ደግ አደረግህ። እኔም ውሸቱን ለልጄ እንዴት እንደማስረዳት ጨንቆኝ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ስልኩን ዘጋችው። ያን ዕለት እራት አልበላሁም።

በማግስቱ ቅጹን ለሰው ሀብት ኃላፊዋ ለአዴ ጫልቱ ሰጠኋት። «የጤና ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «ጤነኛ ነኝ» ብዬ ጽፌያለሁ። አነበበችው፤ መነጽሯን አውልቃ ደግማ አነበበችው።

«ያ ዋቅ፣ የፈጣሪ ያለህ! ባርሲሳ፣ እዚህ ወንበር ላይ ሳረጅ ጤነኛ መምህር ሲመጣብኝ አንተ የመጀመሪያዬ ነህ» ብላ፣ በኦሮምኛ መምህር እያለች እየጠራችኝ ሳቀች። ሳቋ ሲበርድላት፣ «ባለቤትህ ምንድን ነው ሥራዋ?» አለችኝ።

«ነርስ ናት።»

«ታዲያ እሷ ለምን አትመጣም? ሰልፉ እኮ ለመውጣት ነው እንጂ ለመግባት ማን ይሰለፋል? እህቴ ጤና ጽሕፈት ቤት ናት፤ ነርስ አጣን እያለች ስታማርር ነው የምትውለው።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ነቀምቴ የሚወጣበት እንጂ የሚገባበት ከተማ መሆኑ ትዝ ብሎን አያውቅም! ደውዬ ስነግራት እታገኝ ደንግጣ «ምን በሽታ ይዤ ልምጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምንም፤ ደህና መሆን ብቻ በቂ ነበር። ማመልከቻዋ ላይ የጻፈችው ምክንያት ሦስት ቃል ነው፦ «ባለቤቴ እዚያ ነው።» ሁለት ወር ሳይሞላ ተፈቀደላት።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አልጋና ቁምሳጥን አውቶቡስ ላይ ጭነው መናኸሪያ ደረሱ። ጎረቤቶቼ «በጋ ነጋን ዱፍተን!» እያሉ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ እያሉ፣ ዕቃውን ተሻምተው አስገቡልን። ማርያማዊት ግን በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

«አባባ፣ መቼ ነው የምትሄደው?»

«የትም አልሄድም» አልኳት።

አላመነችኝም። ጫማዬን ደበቀችው። በማግስቱ ቅዳሴ የሄድኩት በሸበጥ ነው።