የወይዘሮ ሃሊማ ሞዴል ምሰሶ

ምስጥ የልማታችን ቀንደኛ ጠላት መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ስለዚህ ቡታጅራ ውስጥ የሚገኝ፣ ስሙን በትሕትና የምንዘለው አንድ ጽሕፈት ቤት ጉዳዩን በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ገምግሞ፣ የቤት ምሰሶ ሁሉ «አዮናዊ ፈሳሽ» በተባለ ዘመናዊ መድኃኒት እንዲታከም በሙሉ ድምፅ ወሰነ። እሰይ! ሕዝቡ እስከዚያ ቀን ድረስ የምሰሶ እግር የተቃጠለ ዘይት እየቀባ በኋላቀርነት ሲማቅቅ ነበር።

በሙሉ ድምፅ ስል ከአንድ ሰው በቀር ማለቴ ነው። ባለሙያው አስረስ እጁን አወጣ።

«ጌታዬ፣ ይሄ ፈሳሽ የቀለጠ ጨው ነው። የእንጨቱን ክሮች አጣብቆ የያዘውን ነገር ያሟሟል። እንጨቱ ያብጣል፣ ይላላል። ለወረቀት ሥራ ምናምን ነው እንጂ ለምሰሶ አይሆንም።»

ኃላፊው አቶ ፊልጶስ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንጨቱ ይለወጣል ወይስ አይለወጥም?»

«መለወጡንስ ይለወጣል…»

«ታዲያ ለውጥ ትቃወማለህ?»

አስረስ እጁን አወረደ። ምን ያድርግ፣ ልጆች አሉታ!

ሞዴል ተጠቃሚ ሆነው የተመረጡት ወይዘሮ ሃሊማ ናቸው። አዲሱ ቤታቸው ለዓረፋ ካልደረሰ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ማደሪያ የላቸውም፤ የቀረው ደግሞ የመሐል ምሰሶው ብቻ ነበር። ያን የመሰለ የጥድ ግንድ እግሩ በርሜል ውስጥ ተነክሮ፣ ከሥሩ እሳት እየነደደ ሦስት ቀን ተቀቀለ። በአራተኛው ቀን አናጢው ሀያቱ ጣቱን ሰደደበት፤ ገባለት።

«ኧረ በአላህ! ይሄ ጥድ ነው የእንሰት ቃጫ?»

«ውጤት ነው» አሉ አቶ ፊልጶስ። ሪፖርቱም ላይ «መቶ በመቶ» ተብሎ ተጻፈ።

በምረቃው ዕለት ምሰሶው ቆመ፤ ጣራው ግን ገና በጊዜያዊ ድጋፍ ተይዞ ነበር። አቶ ፊልጶስ ደጅ ላይ ሪባን ቆርጠው «ይህ ምሰሶ ትውልድ ይሸከማል!» ሲሉ ተጨበጨበ። ወይዘሮ ሃሊማ ከምሰሶው ሥር ምንጣፍ አነጠፉ።

«ይግቡና አረፍ ይበሉ። ሀያቱ ድጋፉን ያነሳል።»

አቶ ፊልጶስ ሰዓታቸውን አዩ። «ስብሰባ አለብኝ።»

«አንድ አፍታ ነው።»

«ከውጭ ሆኜ ብከታተል…»

«እርስዎ የማይቀመጡበት ቤት የልጅ ልጆቼን ላስተኛ? ወላሂ አላደርገውም! ሀያቱ፣ ንቀለው። ይውሰዱና ቢሯቸውን ያቁሙበት።»

ተነቀለ። ሀያቱም ሌላ ግንድ አቁሞ ቤቱን ለዓረፋ አደረሰ።

ጽሕፈት ቤቱ «ሞዴል ምሰሶው በኅብረተሰቡ ከፍተኛ ፍላጎት ወደ ቢሯችን ተዛውሯል» ሲል ለበላይ አካል አሳወቀ። የመዝገብ ቤቱን ጣራ እንዲሸከምም አቆሙት። የአስረስን ጠረጴዛ ከሥሩ አደረጉለት።