ዝምታን ያጠኑት ጎረቤታችን

ዝነኛ ተመራማሪ ጎረቤት ኖሯችሁ ያውቃል? እኛ የካ ዳገት ላይ ዶክተር መኮንን ነበሩን፤ የትምህርት ሥነ ልቦና መምህር። ተማሪ ክፍል ውስጥ ለምን ዝም እንደሚል ያጠኑት ጥናት ባሕር ማዶ ድረስ ተጨብጭቦለታል፤ ፋኩልቲያቸውም በእሱ ይኮራል። ያነበበው ሰው አላጋጠመኝም፤ መልሱን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፦ ልጅ ዝም የሚለው ሲፈራ ነው።

ታዲያ አንድ እሑድ፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ ሊቀመንበሩ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «ጥያቄ ያለው?» አለን። ማን ይተነፍሳል? ዝምታችን ደስ አላለውም መሰለኝ፣ ወደ ዶክተሩ ዞረ።

«ጓድ ዶክተር፣ እርስዎ ዝምታን አጥንተዋል። ይህ ሕዝብ ለምንድን ነው ዝም የሚለው?»

ዶክተሩ ተነሡ፤ መነጽራቸውን ረጋ ብለው ጠረጉ።

«ስለተስማማ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

አጨበጨብን። ምን እናድርግ?

በባሕር ዛፉ መሀል ወደ ቤታችን ስንወጣ፣ ልጃቸው በአፈሳ ተይዞ የቀረባቸው እትዬ አስካለ ደረሱብን።

«ዶክተር፣ የኔን ልጅ አስተምረውታል። እሱስ ክፍል ውስጥ ዝም ይል ነበር?»

«እሱ አይፈራም ነበር» አሉ ዶክተሩ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

ከዚያ በኋላ እስከየበራችን ድረስ ሦስታችንም ዝም አልን። በዶክተሩ ጥናት ሳይሆን በዶክተሩ መልስ ከሄድን፣ ተስማማን ማለት ነው።