የሰማዩ የክብር ወንበር

ሰው በምድር ላይ ሲቀመጥ ማን ከማን በላይ እንደሚሆን አባቶቻችን አጥርተው ደንግገው አልፈዋል። በሰማይ ላይ ሲቀመጥ ግን እንዴት መሆን እንዳለበት የተናገረ አልነበረም። ይህ ትልቅ ጉድለት የተሞላው በ1972 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ፣ በደብረ ታቦር ከተማ፣ በመምህር አለሙ ዘመዶች ብርቱ ጥረት ነው። ትውልድ ሊያመሰግናቸው ይገባል፤ እስካሁን ያመሰገናቸው ባይኖርም።

የጂኦግራፊ መምህሩ አለሙ ማርታን ይወዳል፤ ማርታም ትወደዋለች። አባቷ አቶ ካሳሁን በመንግሥት ሥራ ተዛውረው ቤተሰባቸውን ይዘው አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ ግን ነገር ተበላሸ። አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ለማርታ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን፣ ቀኑም ለመጪው እሑድ መቆረጡን ሰው ልካ ነገረችው። የአለሙ ሽማግሎች ከዚያ እሑድ በፊት ካልደረሱ ማርታ የሌላ ሰው ናት።

አለሙ ያለ የሌለውን አሟጦ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጠ። በዚያን ጊዜ ከከተማው ዳር ካለው የሣር ሜዳ ላይ አውሮፕላን ማክሰኞና ቅዳሜ ያርፍ ነበር፤ ማክሰኞ ካልሆነ ቅዳሜ እንደሚደርሱም ለማርታ ቤት ላከ። ከዚያ ሽማግሎቹን መረጠ፤ ወይም እነርሱ ራሳቸውን መረጡ። አንደኛው የአባቱ ታላቅ ወንድም ፊታውራሪ ገብረመድኅን ናቸው። ማዕረጋቸው በአዋጅ ተሽሯል፤ እርሳቸው ግን አዋጁን ሰምቻለሁ ብለው አያውቁም። ሁለተኛው የእናቱ አጎት መሪጌታ ንዋይ ናቸው። ሦስተኛው የአባቱ የአጎት ልጅ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደሳለኝ ነው። አሳዳጊ አክስቱ የሺም እንድትሄድ ተፈቀደ፤ ለማርታ ቤት የሚወሰደውን የማር ገንቦ የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበርና። አለሙ ራሱ፣ ፈላጊ ከሽማግሎቹ ጋር መታየቱ ነውር ስለሆነ፣ እንደ ጓዝ ተቆጠረ።

ቲኬቱ ላይ የወንበር ቁጥር እንደሌለና ቀድሞ የገባ ደስ ባለው ቦታ እንደሚቀመጥ አለሙ ሳያስበው ተናገረ። ከፊት በቀኝ በኩል ለብቻዋ የቆመች አንዲት ወንበር እንዳለች፣ በግራ በኩል ግን ወንበሮቹ ጥንድ ጥንድ እንደሆኑም ጨመረ። ይህን በተናገረበት ቀን ምላሱን ቢነክሳት ይሻለው ነበር።

ፊታውራሪ ከተወለዱ ጀምሮ የሰው ጀርባ አይተው እንደማያውቁ፣ አሁንም በስተርጅና ለማየት እንደማያስቡ ገለጹ። መሪጌታ ከአብራሪው ኋላ መጋረጃ መኖሩን ጠይቀው ካጣሩ በኋላ፣ መጋረጃ ካለ ነገሩ እንደ መቅደስ መሆኑን፣ ከመጋረጃ አጠገብ ደግሞ ያልተማረ ጨዋ ቀርቶ ዲያቆንም ያለ ሥርዓት እንደማይቆም አስረዱ። ጓድ ደሳለኝ ሰፊውን ሕዝብ ወክሎ የሚሄድ ሰው ከተሻረ ማዕረግ ኋላ ቢቀመጥ በሰፊው ሕዝብ ላይ እንደተቀመጡበት ይቆጠራል አለ። በግራ በኩል ካሉት ጥንድ ወንበሮች አንዱን እንዲወስድ ሲጠየቅ፣ በአቋም ግራ እንደሆነ፣ በመቀመጫ ግን ቀኝን እንደሚመርጥ ሳያፍር ተናገረ።

ማክሰኞ ዕለት አውሮፕላኑ መጣ። ቤተሰቡ ከሜዳው ዳር ቆሞ በዚሁ ጉዳይ ላይ ጥልቅ ውይይት እያደረገ ነበር። አውሮፕላኑ ግን የሰው ነገር ማስጨረስ የማያውቅ ባለጌ ስለነበረ ጥሏቸው ሄደ።

አለሙን ማታውን እንቅልፍ አልወሰደውም። በነጋታው በአውቶቡስ እንሂድ ብሎ ቢለምን ሦስቱም ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቃል ተስማሙ፦ አይሆንም። በአውቶቡስ ፊት የሚቀመጠው ሾፌሩ ነው፤ ያውም ያለ መጋረጃ።

«ልጄ፣» አለችው የሺ ወደ ጎን ጠርታ፣ «እነዚህ የሚሄዱት ለአንተ ነው ለወንበሩ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ። እሑድ ግን እየመጣ ነው።»

ያን ጊዜ ጂኦግራፊው ደረሰለት። ካርታውን ይዞ ሄዶ ዘረጋላቸው። መንገዱ አባይን ሁለት ጊዜ ይሻገራል፤ አንዴ ወደ ጎጃም ሲገባ፣ አንዴ ከጎጃም ሲወጣ። ስለዚህ ወንበሯ በክፍለ ሀገር ትከፈል። ጉባኤው ረጅም ክርክር ካደረገ በኋላ የሚከተለውን ወሰነ፦ ከደብረ ታቦር እስከ መጀመሪያው አባይ፣ የአባቶቻቸው ርስት ስለሆነ፣ ፊታውራሪ ይቀመጣሉ። የጎጃም ምድር የሊቃውንት ምድር ስለሆነ ከአባይ እስከ አባይ መሪጌታ ይቀመጣሉ። ከሁለተኛው አባይ ወዲያ መንግሥት ስለሚቀርብ ጓድ ደሳለኝ ይቀመጣል። የሺ ከነገንቦዋ ኋላ፣ በሩ ሥር፣ ትሆናለች። ውሳኔው በጭብጨባ ጸደቀ። ዓርብ ዕለትም በፊታውራሪ ቤት በርጩማ ተደርድሮ አነሣሡና አቀማመጡ ተጠና፤ መሪጌታ ሁለት ጊዜ ቀድመው ስለተነሡ ተገሠጹ።

ቅዳሜ ተሳፈሩ። ያ አውሮፕላን መሬት ላይ ሲቆም አፍንጫው ሽቅብ፣ ጅራቱ ቁልቁል ነው፤ በኋላ በር ገብቶ ወደ ፊት የሚሄድ ሰው ዳገት ይወጣል። ፊታውራሪ ከዘራቸውን እየተከሉ ዳገቱን ወጡና ዞረው ዘመዶቻቸውን ቁልቁል ተመለከቱ።

«ይኼን የሠራ ሰው ሥርዓት ያውቃል» አሉ።

አውሮፕላኑ ሜዳውን ለቆ ሲነሣ ግን ወለሉ ተስተካከለ፤ ፊታውራሪም፣ መሪጌታም፣ ጓድም፣ የማሩ ገንቦም በአንድ ደረጃ ላይ ዋሉ። አብዮቱ ስድስት ዓመት የደከመበትን እኩልነት አውሮፕላኑ በአንድ እስትንፋስ አመጣው። ያስተዋለው ግን አልነበረም፤ ሁሉም በመስኮት አባይን ይፈልግ ነበር። ከታች ያለው ደመና ብቻ ነው።

አለሙ ሰዓቱን አይቶ አባይን እንዳለፉ ለመሪጌታ በአንገቱ ጠቆማቸው። መሪጌታ ተነሡ።

«ፊታውራሪ፣ ጎጃም ገብተናል። ይነሡ።»

«አባይ የታለ?»

«ከደመናው ሥር ነዋ።»

«እኔ ያላየሁትን ወንዝ ተሻገርኩ አልልም።»

ጓድ ደሳለኝ እጁን አወጣ። «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ። የመሪጌታ ጊዜ ካልተጀመረ የእኔ መቼ ይጀመራል?»

ያን ጊዜ አውሮፕላኑ በአየር ላይ ወረድ ብሎ ዘለለ። አስተናጋጇ ሮጣ መጥታ አባቶችን ቀበቶ አስታጠቀቻቸው። መሪጌታ በአገኙት ወንበር ላይ ወድቀው ዳዊት ጀመሩ፤ ጎጃምም ያለ ሹም አለፈ። አዲስ አበባ ሲያርፉ ፊታውራሪ አሁንም ከጎንደር አልወጡም ነበር።

አውሮፕላኑ ቆመ፤ አፍንጫውን እንደገና ሽቅብ አነሣ። በሩ ተከፈተ፤ ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ ወረደ።

«የፊቱ በር የታለ?» አሉ ፊታውራሪ።

«አባቴ፣ በሩ አንድ ነው፤ የገባችሁበት» አለች አስተናጋጇ።

«እንግዲያ ፊት የተቀመጠ ሰው መጨረሻ ሊወርድ ነው?»

«እንዲያ ነው።»

መሪጌታ ስለ ፊተኞችና ስለ ኋለኞች የተጻፈ አንድ ቃል ትዝ አላቸው፤ ነገር ግን ለራሳቸውም የሚደርስ ሆኖ ስላገኙት ዋጡት። ፊታውራሪ እኔ ሳልወርድ ማንም አይወርድም አሉ። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ እርሳቸው እንዲያልፉ ሌሎቹ ፈቀቅ ማለት አለባቸው። ጓድ ደሳለኝ ለተሻረ ማዕረግ ፈቀቅ ማለት ወደ ኋላ መመለስ ነው አለ። መሪጌታም በሁለቱ መካከል ዓምድ ሆነው ቆሙ።

አለሙ ተስፋ ቆርጦ ወደ በሩ ሄደ። ከመሰላሉ ሥር አቶ ካሳሁን ባርኔጣቸውን እንደደፉ፣ ባለቤታቸው አመተማርያምና ማርታም አጠገባቸው ቆመዋል። የሺ ገንቦዋን ታቅፋ ወርዳ ፊታቸው ደርሳለች።

«አንቺ የሺ፣ ደህና ሰነበትሽ?» አለች አመተማርያም። «ጣራ ገዳም ሱባኤ ከገባን ወዲህ ዓይንሽን አላየሁት። ሽማግሎቹስ?»

«እላይ ናቸው። ሲወርዱ ብዙ ይናገራሉ። እኔ ግን ገንቦው ከብዶኛል፤ ልጅሽን ለአለሙ ትሰጭናለሽ?»

አመተማርያም ማርታን አየች። ማርታ ጫማዋን አየች፤ ግን ፈገግታዋን መደበቅ አልቻለችም።

«ማክሰኞም መጥተን እዚሁ ቆመን ነው የዋልነው» አለች እናቲቱ፤ እጇንም ዘርግታ ገንቦውን ተቀበለቻት።

«ነገ የሚመጡትስ?» አሉ አቶ ካሳሁን።

«ምሳ አብልተን እንሸኛቸዋለን።»

አቶ ካሳሁን ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው ደፉ፤ ይህም በእርሳቸው ቤት ፈቅጃለሁ ማለት ነበር። አለሙ በሩ ላይ የመሰላሉን ብረት ያዘ። ከኋላው ሦስቱ ሽማግሎች ገና በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ነበሩ።

ማታ ሽማግሎቹ እቤት ገብተው ሲያሰናዱት የሰነበቱትን ንግግር ከነምሳሌው አወረዱት። አመተማርያም ጠላ እየቀዳች እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ልጅቱ ስትፈቀድ ፊታውራሪ፣ ነገር የሚሠምረው አቀማመጡ ሲያምር ነው አሉ፤ ሌሎቹ ሁለቱም መሰከሩ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ለመመለስ ሲሳፈሩ ሦስቱም እየተጋፉ ከጅራቱ ወንበሮች ላይ፣ በሩ ሥር፣ ሰፈሩ። የክብሩ ቦታ የት እንደሆነ ከእንግዲህ የሚያታልላቸው የለም። ዕቃው ሁሉ ኋላ ስለተጫነ አብራሪው ከመጋረጃው ወጥቶ ጅራቱ እንደከበደ፣ ሁለት ሰው ወደ ፊት ካላለፈ እንደማይነሣ ነገራቸው። ፊታውራሪ በመስኮት ተመለከቱ። መሪጌታ ዳዊታቸውን ገለጡ። ጓድ ደሳለኝ ሰፊው ሕዝብ የያዘውን ቦታ እንደማይለቅ አስታወቀ።

የሺ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች፤ አለሙም ተከተላት። ብቻዋን በቆመችው ወንበር ላይ የሺ ተቀመጠች። ዕለቱ ጥርት ያለ ነበር፤ አባይንም ሁለቴ አየችው። ከኋላ ግን የፊታውራሪ ድምፅ ይሰማል፦ ያችን ሴት ማን ፈቅዶላት ነው ከፊት የተቀመጠች?

ደብረ ታቦር ወረዱ። ሜዳው ላይ ዘመድ አዝማድ ተሰልፎ ይጠብቃል። በሩ እንደተከፈተ ሦስቱ ሽማግሎች እኩል ብድግ አሉና እኩል ደረሱ፤ በሩ ግን የተሠራው ለአንድ ሰው ነው። ከዘራ ከመቋሚያ ተጠላለፈ፤ ከውጭ የተጀመረው እልልታ መሀል ላይ ቆመ።

አለሙ ሊገላግል ተነሣ። የሺ ኮቱን ይዛ ጎተተችው።

«ቁጭ በል፣ ልጄ» አለችው። «እነርሱ ወርደው እስኪያበቁ ሠርግህ ይደርሳል።»