ጭስ የሚሸታቸው ሰው

በዓለም ላይ ጭስ የሚሸተው ሰው የሌለበት መንደር የለም። አለ ከተባለም፣ ያ መንደር አንድም ተቃጥሎ ያለቀ ነው፤ አንድም ገና ሰው ያልሰፈረበት። ሌላው ሰው በአፍንጫው ይተነፍስበታል፤ እንዲህ ያለው ሰው ግን አፍንጫውን ዘበኛ አድርጎ ቀጥሮታል። ወሬ እያወሩለት ድንገት እጁን አንስቶ "ቆይ!" ይላል። ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሳለ እሱ ብቻ ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ ያነፈንፋል። እንዲህ ያለ ጎረቤት የደረሰው ሰው አንድ ነገር ይመኛል፦ ሰውየው ዘመድ ሊጠይቅ ራቅ ወዳለ አገር እንዲሄድ፣ ሄዶም እዚያው እንዲከርም።

በአልጄሪያ፣ በካቢሊያ ተራራ ጫፍ ላይ በምትገኘው በቲዚ ዜቡጅ መንደር ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የያዙት ዳ ቡሳድ ነበሩ። "ዳ" የሚለው ማዕረግ በዕድሜ ለገፋ ሁሉ የሚሰጥ ነው፤ "ክቡር የጭስ ሚኒስትር" የሚለውን ግን የሾመቻቸው ጎረቤታቸው ሳዲያ ናት። ሳዲያ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጇ ፈረንሳይ አገር ማርሴይ የሚሠራላት፣ እሳት የላሰች ሴት ናት። ግቢዋን ከዳ ቡሳድ ግቢ የሚለየው ደረት የማይደርስ የድንጋይ አጥር ነው። ሹመቱን የሰጠቻቸውም በችኮላ አልነበረም።

አንድ ቀን ግቢዋ ውስጥ ፍም አቀጣጥላ ቃሪያና ቲማቲም ስትጠብስ፣ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ባልዲ ውሃ መጣና ፍሙንም፣ ቃሪያውንም፣ ቀሚሷንም አንድ ላይ አጠበው።

"ዳ ቡሳድ! ቃሪያ ነው እኮ!"

"ቃሪያ መሆኑን እሳቱ በምን ያውቃል?" አሉ ዳ ቡሳድ፣ ባዶ ባልዲያቸውን እንዳንጠለጠሉ።

"ምሳዬን እኮ ነው ያጠፉት!"

"ምሳ ነገም አለ፣ ልጄ። ሳይቃጠል በቅጠል።"

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከከተማ የመጣ መኪና በመንደሩ ሥር ሲያልፍ፣ ሾፌሩ የሲጋራ ቁራጭ በመስኮት ወረወረ። ዳ ቡሳድ ቁራጩን ረገጡት፤ ተፉበት፤ በመሐረብ ጠቅልለውም ቁልቁል እስከ ገበያው ድረስ በእግራቸው ወረዱ። ሰውየው ካፌ ተቀምጦ ከወዳጆቹ ጋር ይስቃል። መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈቱለት።

"ወንድሜ፣ ዕቃህን ጥለህ ሄደህ ነበር።"

"ምን ዕቃ? ይሄ ቆሻሻ ነው እኮ፣ አባቴ!"

"ለካ ታውቀዋለህ!" አሉት፤ ቡናውን ጠጥቶ እስኪነሳም ድረስ ራሱ ላይ ቆሙ። ሰውየው ዳግመኛ በዚያ መንገድ አላለፈም ይባላል።

እሳት አደጋ መከላከያ ሲደውሉማ ስልክ አንሺው ስማቸውን መጠየቅ ትቷል። "ዳ ቡሳድ፣ ዛሬስ ከየት በኩል ነው?" ይላቸዋል። "ከምሥራቅ።" "ትናንት ከምዕራብ ነበር እኮ።" "ትናንት ንፋሱ ከምዕራብ ነበራ!"

ከሁሉ የባሰው ግን የዳዋው ጉዳይ ነው። ዱሮ እያንዳንዱ ቤት ፍየል ነበረው፤ ፍየሎቹ ቁጥቋጦውን ይላጩታል። ወንዶቹ የወይራውን ሥር በበቅሎ ያርሱታል፤ ሴቶቹ የደረቀውን እንጨት ለቅመው ይወስዳሉ። ኋላ ወጣቱ ፈረንሳይ ገባ፤ ፍየሉ ተሸጠ፤ ጋዝ መጣ። ጋዝ ሲመጣ ማገዶ የሚለቅም ጠፋ፤ ማገዶው ግን ማደጉን አላቆመም። ከመንደሩ ሥር ያለው ሰፊ መሬት የአንድ ሟች ወራሾች ንብረት ነው፤ ወራሾቹ ግማሹ ሊዮን፣ ግማሹ አልጀርስ ናቸው፤ እርስ በርስም አይነጋገሩም። ዳ ቡሳድ በየጸደዩ ማጭድ ይዘው ገብተው፣ ከቤቶቹ በታች ያለውን እሾህና ሣር እንደ መቀነት እያዞሩ ያጭዱታል። ከወራሾቹ አንዱ ከሊዮን ደውሎ ጮኸባቸው።

"የአባቴን መሬት ማን ንካ አለህ?"

"መሬቱን አልነካሁም። ጢሙን ነው የላጨሁት።"

መንደሩ በዚህ ሁሉ ይስቃል። ሳዲያም ትስቃለች። ነገር ግን እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ በዚያ አገር ነሐሴ የዝናብ ሳይሆን የእሳት ወር ነው፤ ነሐሴ ሲገባ እሷም እንቅልፍ አጥታ ነው የምትከርመው። ዳ ቡሳድ አንድ ጊዜ በማጭዳቸው ጫፍ ቁልቁለቱን እያሳዩ "እሳት ሽቅብ ሲወጣ ፍየል ነው፣ ቁልቁል ሲወርድ ሽማግሌ። እኛ ደግሞ ያለነው ከላይ ነው" ብለዋት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ ቁልቁለቱን ሳታይ በሯን አትዘጋም። መንደሩ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ጠባብ ነው። አንድ ልጇን ለመዳር ከቤቷ በላይ የሠራችው አዲስ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደዚያው ቁልቁለት ነው የሚያየው። ዳ ቡሳድን የጠላቻቸው ስለሚዋሹ አይደለም። እሷ በልቧ የደበቀችውን ፍርሃት እሳቸው በየቀኑ በአጥሩ ላይ ስለሚጮኹት ነው።

የልጇ የሊያስ ሰርግ ለነሐሴ ተቆረጠ። ሌላ ወር እንዳይሆን፣ ከባሕር ማዶ ያለው ዘመድ ሁሉ እረፍት ወጥቶ የሚመጣው በነሐሴ ነው። ሰርግ ካለ ደግሞ ባሩድ አለ። ዳ ቡሳድ ይህን እንደሰሙ በቀጥታ ወደ መንደሩ ሸንጎ ሄዱ፤ ሳዲያም ተከተለቻቸው።

"ባሩድ የማይተኮስበት ሰርግ ለቅሶ ነው!" አለች ሳዲያ። "ልጄ ወላጅ አልባ ይመስል በዝምታ ልዳረው?"

"ይተኮስ" አሉ ዳ ቡሳድ። "ዝናብ ሲመጣ፣ በጥር ይተኮስ።"

"በጥር ሙሽራው ማርሴይ ነው!"

"እንግዲያው ማርሴይ ይተኮስ!"

ሸንጎው ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ሲመክሩ ቆይተው፣ ባሩዱ በድንጋይ በተነጠፈው የምንጩ አደባባይ ብቻ፣ አፈሙዙ ወደ ሰማይ ሆኖ እንዲተኮስ ፈረዱ። ሰው ሁሉ ሊነሳ ሲል ዳ ቡሳድ "ውታፉስ?" አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰርግ ጠመንጃ በአፉ ነው የሚጎርሰው፤ ባሩድ ይጨመርና በላዩ ጨርቅ ይወተፋል። ሲተኮስ ጥይት የለውም፤ ጨርቁ ግን ሆዱ ውስጥ እሳት ይዞ ይበርራል። ድፍን ተራራው ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ እንዲህ ነው የሚተኩሰው፤ ጨርቁ የት እንደሚወድቅ የጠየቀ ግን የለም።

"ወደ ሰማይ የሄደ ውታፍ እዚያው ይቀራል?" አሉ ዳ ቡሳድ።

"በርጥብ ጨርቅ ልወትፈው ነው? ባሩዱ አይርስም?" አለ የተኳሾቹ አለቃ ኡመር፣ ፊቱ ቀልቶ።

ሸንጎው በመጨረሻ የሁሉንም ልብ የሚያሳርፍ ውሳኔ አገኘ። ውታፉን እንዲለቅሙ ዳ ቡሳድን ሾመ።

በሰርጉ ቀን ክቡርነታቸው ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ አንድ ባልዲና አንድ ርጥብ ጆንያ ይዘው፣ ከአደባባዩ ግንብ ሥር ቆሙ። ጠመንጃው በጮኸ ቁጥር አንገታቸው ከውታፉ ጋር ይዞራል፤ ሮጠው ይደርሱበታል፤ በጆንያው ያፍኑታል። ከላይ ሴቶቹ እልል እያሉ ያዩዋቸዋል። ከበሮውን የያዘችው ሳዲያ አላስቻላትም፤ ግጥሙን እዚያው ፈጠረችው፦

"ሰው ሰርግ ይሄዳል ሽቶ ተቀብቶ፣
ዳ ቡሳድ መጣልን ባልዲ ውሃ ሞልቶ።"

አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። ዳ ቡሳድ ቀና ብለው አይተዋት በባልዲው እጅ ነሷት። ይሄኔ ሳዲያ ከበሮውን አስቀመጠች። ወርዳ ክንዳቸውን ያዘች።

"ይበቃል፣ ዳ ቡሳድ። በአንድ ልጄ ሰርግ ሳይቀምሱ ሊሄዱ ነው? ይምጡ፣ ኩስኩሱ ሳይበርድ።"

"አሁን አይደለም፤ ገና እየተኮሱ ነው።"

"ካልመጡ እቀየምዎታለሁ!"

ጎረቤትን ማስቀየም ነውር ነው። ሄዱ፤ ከሥጋውም ከኩስኩሱም ጎረሱ። ከኋላቸው ሁለት ተኩስ ተሰማ፤ ሊነሱ ሲሉ ሳዲያ ትከሻቸውን ይዛ ጭልፋ ጨመረችላቸው።

በማግስቱ ቀትር ላይ የበረሃው ንፋስ ተነሳ። እንግዳው ሁሉ በየጥላው ተዘርሯል። ሳዲያ ድስት እያጠበች ሳለ የግቢዋ በር ተከፈተ፤ ዳ ቡሳድ ናቸው። በአጥሩ ላይ አልጮኹም። ባልዲም አልያዙም። ቀስ ብለው ቀረብ አሉና፣ ልጅ የተኛበት ቤት የገቡ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሳዲያ፣ ሙሽሮቹን ቀስቅሺ። ልጆቹን ሰብስበሽ ወደ አደባባዩ ውጡ። ሁሉም ጫማ ያድርጉ።"

ሳዲያ ከድስቱ ቀና አለች። ዕድሜ ልካቸውን የጮኹ ሰው በሹክሹክታ ሲናገሩ መስማት እንዲህ እንደሚያስፈራ አታውቅም ነበር። ድስቱን ጥላ መንገድ ላይ ወጣችና እሷ ጮኸች። ዳ ቡሳድ ጮኸው ቢሆን ኖሮ ማንም ከጥላው አይነሳም ነበር፤ በሳዲያ ጩኸት ግን መንደሩ በሙሉ ነቃ።

ጭሱ ከቁልቁለቱ ሥር ቀጭን ሆኖ ተነስቶ ነበር። ሰው ጫማውን እስኪያጠልቅ ወፈረ። እሳቱ ዳዋውን እየበላ ሽቅብ መጣ፤ ጥዶቹ ጋ ሲደርስ የጥድ ፍሬው እየፈነዳ መንገዱን ተሻግሮ ሌላ እሳት ጫረ። እሳት አደጋዎቹ ፈጥነው ቢመጡም፣ የሰርግ እንግዳ መኪናውን በጠባቡ መንገድ ግራና ቀኝ ደርድሮት ነበርና ትልቁ መኪናቸው ከታች ተገታ። ሊያስ ከነሙሽራ ልብሱ ከመኪና መኪና እየሮጠ "ቁልፍ! የማን ናት ይቺ? ቁልፍ አምጡ!" ይላል። ሌላው በርጥብ ጆንያና በቅርንጫፍ ይደበድባል፤ በአንድ በኩል አጠፋን ሲሉ በጀርባቸው ይነሳል። ንፋሱ ደግሞ ወዲያና ወዲህ እያለ ሰውን አሞኘው። ሳዲያ የአዲሱን ፎቅ መስኮት ቀና ብላ አየችው፤ መስታወቱ ቀልቷል። "አንድ ልጄን! አንድ ልጄን!" እያለች በጆንያዋ መሬቱን ትመታለች። እንዲያ ፈርታ አታውቅም።

እሳቱ ከቤቶቹ በታች፣ ሣሩ የታጨደበት መቀነት ላይ ሲደርስ ጎንበስ አለ። ሰው እዚያ ተሰልፎ ጠበቀው። አመሻሹ ላይ ንፋሱ ወደቀ፤ መኪናውም ደረሰ። ቤቶቹ ተረፉ። ወይራዎቹ ግን ሄዱ፤ የዳ ቡሳድ አባት የተከሏቸውም ጭምር።

በምን ተነሳ? አንዱ ሲጋራ ነው አለ፤ አንዱ ጠርሙስ፤ አንዱ የኤሌክትሪክ ገመድ። እሳት አባት ነኝ ባይ የለውም። ሳዲያ ስለዚያች ሁለተኛ ጭልፋ ለማንም አልተናገረችም፤ ዳ ቡሳድም አላነሱባትም። ቀጥሎ ባሉት ቀናት ግን ውሃ ተሸክማ ከእሳቸው ኋላ ኋላ የምትሄድ እሷ ነበረች። ላዩ አመድ የሆነ ጉቶ፣ ሥሩ ከመሬት በታች ይነዳል፤ ሁሉም ጠፋ ብሎ ከሄደ በኋላ ራቅ ብሎ ብቅ ይላል። ዳ ቡሳድ በመዳፋቸው መሬቱን እየዳሰሱ "እዚህ ጋ" ይላሉ፤ እሷ ትቆፍራለች፤ ታፈሳለች።

በመዳፋቸው መሆኑን ያስተዋለችው ቆይታ ነው። በዚያ ቀን የሳቡት ጭስ አፍንጫቸውን ወስዶታል። ሐኪሙ "ምናልባት ይመለስ ይሆናል" አለ፤ ሐኪም ምናልባት ሲል ምን ማለት እንደሆነ ይታወቃል።

እንግዲህ መንደሩ ጸጥ አለ። በአጥሩ ላይ የሚጮኽ የለም፤ ሳዲያ ፍሟን አቀጣጥላ የፈለገችውን ብትጠብስ የሚያጥባት የለም። ይህን ጸጥታ ስንት ዓመት ተመኝታው ነበር! ሲመጣ ግን ጭንቅ ሆነባት። ለካ መንደሩ አንቀላፍቶ የሚከርመው እሳቸው ስለሚጮኹ ነው። አሁን ሁሉም በየበሩ ቆሞ ያነፈንፋል፤ አንዱም ግን አፍንጫውን አያምነውም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ያ የበረሃ ንፋስ እንደገና መጣ። ዳ ቡሳድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ጠቆረው ቁልቁለት መልሰው ተቀምጠዋል። ሳዲያ በአጥሩ ወዲህ ቆማ አየቻቸው። እንዲህ ተቀምጠው ከምታያቸው ልብሷን ከነገላዋ ቢያጥቡት በመረጠች ነበር። አየሩን ሳበች፤ ያሰጣችው ልብስ ሳሙና ብቻ ነው የሸተታት።

"ዳ ቡሳድ!"

"ምነው?"

"ጭስ ሸተተኝ።"

የሽማግሌው አንገት ቀና አለ። "ከየት በኩል?" አሉ፤ ጫማቸውን በእግራቸው እየፈለጉ።

"ከታች። ከጥዱ በኩል መሰለኝ።"

ተከታትለው ወረዱ። እያንዳንዱን ጉቶ በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ድንጋይ እየገለበጡ አዩ፤ "ዝም በይ" እያሉ አዳመጡ። ምንም የለም። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሲመለሱ፣ ላባቸውን እየጠረጉ፣ እንደ ዱሮው በጩኸት ወረዱባት።

"ምንም የለም እኮ! ሰው በዚህ ሙቀት ሽማግሌ በከንቱ ያስሮጣል? እንዴት ያለሽ አስደንጋጭ ሴት ነሽ!"

ሳዲያ ስድቡን እንደ ምርቃት አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። ዳ ቡሳድ እያጉረመረሙ በራቸው ጋ ደረሱ፤ እጃቸውን መዝጊያው ላይ አድርገውም ዞር አሉ።

"ነገም ከሸተተሽ ግን" አሉ፣ "ዝም እንዳትይ።"