የታንሲ ወርቅ ባለአደራ

በአንዲት ትንሽ የአየርላንድ ከተማ፣ የወርቅ ፊደላትን ለሠላሳ አራት ዓመታት ከጥፋት ሲጠብቅ የኖረ አንድ ታላቅ ሰው አለ። ስሙ ማላኪ ጌራቲ ይባላል። ከተማዋ እስካሁን ሐውልት አላቆመችለትም፤ ይህም ከበጀት እጥረት እንጂ ከአድናቆት ማነስ እንዳልመጣ እሱ ራሱ ያስረዳል።

ፊደላቱ ያሉት በሚስቱ በኑላ ሱቅ መስታወት ላይ ነው። «ታንሲ፣ የጫማ ሱቅ» ይላሉ፤ ታንሲ የኑላ የቤተሰብ ስም ነው። የኑላ አባት በጉልበቱ ዘመን፣ በስስ የወርቅ ቅጠል፣ እንደ ሙያው ደንብ ከመስታወቱ በስተውስጥ አስጽፏቸው ነበር። ማላኪ ደንበኛ በገባ ቁጥር ጫማ ከማስለካቱ በፊት ወደ መስታወቱ ያመለክታል።

«ንጹሕ ወርቅ ነው። ወርቅ ያልሆነውን ዓይኔ ወዲያው ይለየዋል።»

ኑላ የጫማ ሣጥን ትከፍታለች።

የጥበቃው ሥራ የሚከናወነው በዓመት አንድ ቀን፣ በፋሲካ ማግስት ነበር። ማላኪ ጠዋት መስታወቱን በሙቅ ውሃና በሶዳ ከውስጥም ከውጭም ይፈገፍገዋል፤ እርጥበቱን እንዲመጥለት አሮጌ ጋዜጣ ይለጥፍበታል፤ ከዚያ ባርኔጣውን አድርጎ በአውቶቡስ ወደ ፈረስ እሽቅድምድም ይሄዳል። ማታ ሲመለስ ጋዜጣው ተነሥቶ፣ ፊደላቱ ከአምናው ይበልጥ እያብረቀረቁ ይጠብቁታል።

«እንክብካቤ ማለት ይህ ነው» ይላል።

«ውስጡን ብትተወው ምናለ» ትለዋለች ኑላ፣ ጣቶቿን በአኳራጅ እያጸዳች።

«አንቺ ጫማውን ያዢ፤ ወርቁን ለኔ ተዪው።»

ኑላ በጥር አረፈች። ፋሲካ ሲደርስ ማላኪ ሐዘን ከግዴታው አላሰናከለውም። እንዲያውም ለመታሰቢያዋ ብሎ ሶዳውን እጥፍ አደረገው። ጋዜጣውን ለጥፎ ሄደ። ማታ ሲመለስ ጋዜጣው እንደተለጠፈ ነበር። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጁ አነሣው፤ ፊደላቱም፣ በጥግ ካሉት ከሁለቱ በቀር፣ ከጋዜጣው ጋር አብረው ተነሡ።

በማግስቱ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢውም ጸሐፊውም አባሉም ማላኪ ነበር። ኮሚቴው በሰፊው ከመከረ በኋላ ለጥፋቱ ተጠያቂ የሆኑት የክረምቱ ውርጭና በአደባባዩ የሚያልፉት ከባድ መኪኖች እንደሆኑ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። የአምናው ፎቶግራፍ ተያይዞ፣ ለአውራጃው የቅርስ ክፍል አምስት ገጽ ማመልከቻ ተላከ። ስሟ ከመስታወቱ ላይ ሲጠፋ ኑላ ሁለተኛ ጊዜ የሞተች እንደመሰለው ግን በማመልከቻው አልገለጸም። ቅጹ ለዚያ ቦታ አልነበረውም።

መልሱን መጠበቅ ቢያቅተው ኮርማክ የሚባል ወርቅ ለጣፊ ከደብሊን አስጠራ። ኮርማክ ማጉያውን አውጥቶ በጥግ የቀሩትን ሁለት ፊደላት ለረጅም ጊዜ መረመረ። የኑላ እህት ደርቭላ ሻይዋን ይዛ ቆማ ነበር።

«አቶ ጌራቲ፣ ይሄ ወርቅ አይደለም» አለ ኮርማክ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ሠላሳ አራት ዓመት...»

«ሰዎች የቤት ማሞቂያ የሚቀቡበት ቀለም ነው። በጣሳ የሚሸጠው። የርስዎ ብሩሽ ያልደረሰበት ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ተደራርቧል።»

«ታዲያ ወርቁ የት ሄደ?»

ኮርማክ ባልዲውን አየ። ሶዳውንም አየ።

«ውስጡን መጀመሪያ ያጠቡት መቼ ነው?»

«በተጋባን ዓመት፣ በፋሲካ ማግስት።»

«እንግዲያው ያን ቀን ሄዷል።»

ደርቭላ ሻይዋን አስቀመጠች። ማንም ከማይገዛው ከቁጥር አርባ ስምንት ጫማ ሣጥን ኋላ አንድ የቀለም ጣሳ፣ ቀለም ማስለቀቂያ የአኳራጅ ጠርሙስና ቀጭን ብሩሽ አወጣች።

«አንተ ፈረስ ልታይ ስትሄድ እሷ እዚህ ተንበርክካ ትውል ነበር። ፊደሉን ገልብጣ መጻፍ እስክትለምድ ስንቴ እንዳለቀሰች እኔ ነኝ የማውቀው።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ውስጡን ተወው አላለችህም?»

«ብላኛለች።»

«መጀመሪያ አባባ እንዳይቆጣህ ብላ ነበር። ኋላ ደግሞ ማታ ስትመጣ ደስታህን ታያለች። በዓመት አንድ ቀን እንኳ ባለሙያ ይሁን ትለኝ ነበር።»

ወርቅ ያልሆነውን ወዲያው የሚለየው ዓይን በዚህ ጊዜ ጣሳው ላይ የተጻፈውን እንኳ መለየት አቃተው።

«በእውነተኛ ወርቅ ልሥራልዎት?» አለ ኮርማክ ቀስ ብሎ።

«የለም ልጄ። እንደነበረው ነው የምመልሰው።»

ሦስት ቀን ተንበርክኮ ጻፈ። ፊደላቱ ነፋስ እንደመታው አጥር ወደ አንድ ጎን አዘነበሉ።

የቅርስ ክፍሉ መልስ በመስከረም ደረሰ። «በተላከልን ፎቶግራፍ ላይ በባለሙያዎች በተደረገው ጥልቅ ምርመራ፣ ፊደላቱ ንጹሕ የወርቅ ቅጠል መሆናቸው ተረጋግጧል። ባለአደራውም እስከ ዛሬ ሲያደርጉት የነበረውን እንክብካቤ ያለማቋረጥ እንዲቀጥሉ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ማላኪ የመንግሥት ትእዛዝ ጥሶ አያውቅም። በተከታዩ የፋሲካ ማግስት ባልዲውን ሞልቶ፣ ሶዳውን ጨምሮ፣ መስታወቱን ከውስጥም ከውጭም ፈገፈገ። ጋዜጣ ለጠፈ። አውቶቡሱ መጣና ሄደ። ባርኔጣው ከተሰቀለበት አልወረደም።

ደርቭላ ስትመጣ ጋዜጣውን አንሥቶ፣ ጣሳውን ከፍቶ፣ ተንበርክኮ አገኘችው።

«አንተ ሰውዬ፣ እንደሚጠፋ እያወቅህ ለምን ታጥበዋለህ?»

«ካላጠብኩትማ» አላት ብሩሹን እየነከረ፣ «ዛሬን ምን ስሠራ ልዋል?»