ወይ ልጅ፣ ወይ እንጨት

«መዝጊያውን ከወሰዳችሁትማ እኔ አልተማርሁም ማለት ነው» አሉ እትየ ጥሩወርቅ፣ በርጩማ አውጥተው፣ ጀርባቸውን ለቤታቸው መዝጊያ ሰጥተው እንደ ተቀመጡ።

«ኧረ እትየ ጥሩ፣ በውሰት ነው!» አለ አዲሱ፣ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር። «በዓሉ እንዳለፈ ራሴ ተሸክሜ እመልሰዋለሁ።»

«በውሰት? እኔ በውሰት ነው የተማርሁ?»

ጭቅጭቅ መሐል አስገባኋችሁ፤ እኔም እንዲሁ ነው የገባሁት። ከአዲስ አበባ የጠሩኝ ለትምህርት ቤቱ የምሥረታ በዓል ታሪኩን እንድጽፍ ነው። ከወረታ በባጃጅ፣ ቁሐር ሚካኤልን አልፈን ጎማው ጭቃ ሲይዘው ደግሞ በእግሬ። ስለ ትምህርት የሚጽፍ ሰው «ብርሃን» ብሎ መጀመር ይቀናዋል። እኔም አንድ ሁለት ብርሃን ይዤ ነበር። ጭቃው ውስጥ ቀሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትየ ጥሩ ልጅ ሳሉ ለመንደሩ የመጀመሪያው መምህር ተመደበ። ጭቃ ሹሙ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ቤት ወይ ልጅ ወይ እንጨት ያዋጣ አለ። እንጨቱ ለቤቱ መሥሪያ፣ ልጁ ለመማር። ችግሩ፣ ፎገራ ላይ ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ ወፍ ያባርራል፣ ውሃ ይቀዳል። እንጨት ደግሞ ቢጠፋም አያስለቅስም። ስለዚህ በዚያ ዛፍ ብርቅ በሆነበት ሜዳ ሁሉም ከጎጆው ምሰሶ፣ ከበረቱ አጥር እየነቀለ እንጨት አመጣ። የእትየ ጥሩ አባት ትርፍ እንጨት ስላልነበራቸው የጥጃ ቤታቸውን የዋንዛ መዝጊያ ሰጡ።

በአካባቢው የሌለ፣ ያማረ ትምህርት ቤት ተሠራ። ተማሪ ብቻ የለውም።

መምህሩ ጠዋት ጠዋት ደወል ደውሎ ይገባና ምሰሶውን ፊደል ያስቆጥራል። ሕዝቡም ደስ አለው፤ ትምህርት ቤት አለንና። (እንዲህ ያለ ስንት መሥሪያ ቤት ታውቃላችሁ? እኔ ከአፌ ምንም አልወጣም።)

ከዚያ ጅብ ገባ። ትምህርት ቤት አይደለም፤ መዝጊያ አልባው የጥጃ ቤት ውስጥ። አባት ጥጃቸው ከተበላ በኋላ አስበው፣ አስበው፣ የልጃቸውን እጅ ይዘው ሹሙ ዘንድ ሄዱ። ልጄን እንካ፣ መዝጊያዬን መልስ። ደንብ ነውና ተመለሰላቸው።

«እኔን ያስተማረኝ ጅብ ነው» ይላሉ እትየ ጥሩ፣ ሳይስቁ።

ይህን ያዩ ሁሉ ነቁ። ጎጆው የዘመመበት ልጁን እየሰጠ ማገሩን፣ አጥሩ የፈረሰበት ልጁን እየሰጠ ወጋግራውን ወሰደ። አንድ ተማሪ ሲገባ አንድ እንጨት ይወጣል። ክፍሉ ጢም ብሎ የሞላ ዕለት ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም። መምህሩ ሜዳ ላይ ቆሞ አስተማረ። ክረምት ገባ፣ ሜዳው ውሃ ሆነ፣ ሁሉም ወደየቤቱ። እትየ ጥሩ ስማቸውን መጻፍ ብቻ እንደ ቻሉ ተዳሩ።

ለመማራቸው ሌላ ምስክር የላቸውም። አብረዋቸው የተማሩት ሁሉ ሞተዋል። ከአባታቸው የወረሱት መዝጊያ እቤታቸው እስካለ ድረስ ተማሪ ነበሩ። ወደ ትምህርት ቤቱ ከተመለሰ ግን አባታቸው እንጨት እንጂ ልጅ አልሰጡም ማለት ነው።

«በምትኩ አዲስ የቆርቆሮ መዝጊያ እናስገጥምልዎታለን» አለ አዲሱ። «እንግዶች ከባሕር ዳር ይመጣሉ። የሚታይ ቅርስ ያስፈልገናል።»

«የሚታይ? እኔስ? ነጠላዬን አጥቤያለሁ። እፊት ቁሜ የመጀመሪያዋ ተማሪ እኔ ነኝ እላለሁ። ስሜንም እጽፍላቸዋለሁ።»

አዲሱ አንገቱን አከከ። «ለእርስዎ ንግግር ሰዓት አልተያዘም እኮ፣ እትየ። መዝጊያው ግን ዝም ብሎ ይቆማል።»

«እንግዲያው ምረጥ፣ አንተ አዲሱ። ደንቡን ታውቃለህ። ወይ ልጅ፣ ወይ እንጨት።»

አዲሱ እኔን አየኝ። እኔ የሩዝ ማሳውን አየሁ። ሩዙ እንደኔ ነው፤ ምንም አስተያየት የለውም።

«እንጨቱን» አለ አዲሱ፣ ቀስ ብሎ።

እትየ ጥሩ ተነሡ። በርጩማቸውን አነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ።

«ትምህርት ላይ ነኝ» አሉ ከውስጥ።

የዋንዛው መዝጊያ ሲጥጥ ብሎ ተዘጋ።