ውሃ የጠማው ቁም ሳጥን

ሰው የሰው ቤት ሲወርስ ግድግዳና ጣሪያ ብቻ የወረሰ ይመስለዋል። ተሳስቷል። የቀድሞውን ባለቤት ጎረቤት ይወርሳል፣ የጎረቤቱን ቂም ይወርሳል፣ የሚያፈስ ቧንቧውን ይወርሳል፤ አንዳንዴም፣ አታምኑኝም እንጂ፣ ብርዱን ይወርሳል። ከሐይቅ ዳር ተቀምጠው፣ አገሩ ሁሉ በሸሚዝ ሲሄድ፣ ባሕር ማዶ ለቀረ ብርድ እሳት ያስነደዱ ሹም በዚህ በሐዋሳ አይቻለሁ። ብርዱ እሳቸውን አልጎዳቸውም። የጎዳው ሌላ ሰው ነው።

አንቱ ማለቴ አይግረማችሁ። የደርግ ሹም ከሥልጣኑ ከወረደ ስንት ዘመኑ፤ አንቱታው ግን ከአፌ አልወርድ ብሎኛል። ስማቸውን ትቼ ጓድ ኃላፊ እላቸዋለሁ።

ቤቱን ያሠራው ሰፊ እርሻ የነበረው አንድ የውጭ አገር ሰው ነው። አገሩ በረዶ ስለሚበዛበት ይሁን ናፍቆት ይዞት፣ ከምድር ቤቱ ትልቅ የብረት ምድጃ አስተከለ። እንጨት ይነድበታል፤ ሙቀቱ በቆርቆሮ ቱቦ ተሹለክልኮ በየክፍሉ ይወጣል። በሐዋሳ! ሰውዬው ራሱ ሲያነድደው ያየ የለም፤ የእናቱ ፎቶግራፍ እንዳይጠፋበት እንደሚያስቀምጥ ሰው ለትዝታ ያስቀመጠው ይመስለኛል። አብዮቱ መጣ፤ እርሻው ተወረሰ፣ ቤቱ ተወረሰ፣ ሰውዬውም ወደ በረዶው ሄደ።

እኔ የተወረሱ ቤቶችን ከሚጠግኑት ሠራተኞች አንዱ ነበርኩ። ጓድ ኃላፊ ቤቱን ሲረከቡ ክፍል ክፍሉን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ምድጃው ዘንድ ስንደርስ ቆሙ።

«ይሄ ምንድነው?»

«የቤት ማሞቂያ ነው፣ ጓድ።»

«ያ በዝባዥ ይሞቅበት ነበር?»

«ሳይሞቅበት አይቀርም።»

«ታዲያ የሰፊው ሕዝብ ተወካይ ለምን ይበርደዋል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመለሰው እንጨት በማቅረብ ብቻ ነው። ወሩ ታኅሣሥ ነበርና እውነቱን ለመናገር ማለዳው ቀዝቀዝ ይላል፤ ጋቢ የሚያስደርብ እንጂ ምድጃ የሚያስነድድ ግን አይደለም። ነደደ። በዚያ ላይ ዘበኞቹ ለጥንቃቄ ብለው መስኮቱን ሁሉ በሚስማር መትተውታል። የሐይቁ ነፋስ ከውጭ ቀረ፤ ቤቱ ውስጥ ያለው አየር ደረቀ፤ የገባ ሰው ሁሉ ከንፈሩን እየላሰ ይወጣ ጀመር።

አሁን ማቴዎስን ላስተዋውቃችሁ። ማቴዎስ ባህል አዳራሽ አካባቢ ጎረቤቴ የነበረ አናጺ ነው። የሚጸልይበት ቤት ታሽጎበት፣ መዝሙሩን መላጊያው ሲያፏጭ ከሥር ከሥሩ የሚያንጎራጉር ጴንጤ ነበር። ለጓድ ኃላፊ መኝታ ክፍል ትልቅ የዋንዛ ቁም ሳጥን ታዘዘ። ሠራው። ሠርቶም ለመልእክተኞቹ፣ «እንጨቱ ገና እርጥብ ነው፤ ትንሽ እዚሁ ጥላ ሥር ይቆይ» አላቸው። «አብዮቱ አይጠብቅም» ብለው ጭነውት ሄዱ።

አንድ ቀን ጓድ ኃላፊ ምሳ ላይ ሳሉ ከመኝታ ክፍሉ «ጧ!» አለ።

ያን ዘመን የምታውቁ «ጧ!» ሲባል የመጀመሪያ ሐሳባችሁ ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም። ዘበኞቹ ግቢውን በጥይት ቆሉት፤ አንድ የፓፓያ ዛፍ ከነፍሬው ተሰዋ። ገዳይ ተፈለገ፣ አልተገኘም። በነጋታው ደግሞ «ጧ!» አለ። አሁን ሁሉም አዩት፤ የቁም ሳጥኑ በር ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ፈተሹት፤ ምንም የለበትም። ምንም ካልተገኘበት ደግሞ በረቀቀ ዘዴ ተደብቋል ማለት ነው። ማቴዎስን ከሥራው ላይ፣ ሰጋቱራው ከጸጉሩ ሳይራገፍ ወሰዱት። አሻጥር ነው ተባለ፤ ሹም የማስደንገጥ አሻጥር። ምድጃውን የጠየቀው ማንም አልነበረም፤ ያነደዱት ጓድ ኃላፊ ናቸዋ! አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

ሚስቱ አስቴር በየቀኑ ስንቅ ታመላልስ ጀመር። ሥርዓቱን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ እስረኛውን አታዩትም። ምግቡን ለዘብ ትሰጣላችሁ፣ ደጅ ትቆማላችሁ፣ ሳህኑ ባዶውን ከተመለሰ ሰዉ አለ ማለት ነው። ሙሉውን ከተመለሰ ወደ ቤት ሄዶ፣ እሱም ከተፈቀደ፣ ማልቀስ ነው።

አንድ ቀን ከዚያ ደጅ ስትመለስ ባዶ ሳህኗን እንደያዘች እኔ ጋ መጣች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያንን ቤት ያውቁታል። የኔ ባል እንጨት ውስጥ ጥይት ደበቀ?»

«እንጨቱ ነው የጮኸው፣ አስቴር። ምድጃው አየሩን አደረቀው፤ እንጨት ባንዴ ሲደርቅ ይፈነዳል።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩልኝም?»

«ለማን?» አልኳት።

መናገር ባይቻል ማሳየት ይቻላል ብዬ አሰብኩ። ዕድል አልጠፋም፤ ጓድ ኃላፊ አፍንጫቸው መድማት ጀምሮ ነበርና ምድጃውን እንዳይ ተጠራሁ። ሙቀቱ በሚወጣበት ትልቁ ቱቦ ውስጥ ጆንያ ሰቀልኩ፤ ከበላዩ በርሜል አስቀምጬ በቀጭን ቧንቧ ውሃ ጠብ ጠብ እንዲልበት አደረግሁ። ሙቀቱ በእርጥቡ ጆንያ አልፎ ሲወጣ ውሃ ይዞ ይወጣል። የሰፈሩ ሕዝብ ቦኖ ላይ ጀሪካን ደርድሮ ሲጋፋ፣ የጓድ ኃላፊ አየር ውሃ ይጠጣ ጀመር። አፍንጫቸው ዳነ። ቁም ሳጥኑም ጥሙ ወጣለትና ዝም አለ።

ልቤ ሲሞላ ጢሜን ተላጭቼ ቀረብኩ።

«ጓድ፣ ቁም ሳጥኑ ጸጥ ብሏል።»

«ብሏል!» አሉ ፈገግ ብለው። «ለምን ይመስልሃል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዲጠይቁኝ ስጸልይ ነበር። አፌን ከመክፈቴ መልሱን ራሳቸው ሰጡት።

«ሰውዬው ስለታሰረ ነዋ! ጥፋተኛ ባይሆን ኖሮ እሱ ሲያዝ ለምን ዝም ይል ነበር?»

«ጓድ፣ እርጥበቱ ደግሞ...»

«እርጥበቱ ለአፍንጫዬ ነው» አሉኝ።

ይህን ለአስቴር ስነግራት ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም፤ አሰበች። «እንግዲያው ውሃውን ይዝጉት፣ ጋሼ» አለችኝ። «እሱ እስር ቤት እያለ ይጩኽ። ያኔ እሱ እንዳልሆነ ያያሉ።» ከዚህ የተሻለ ክርክር የትኛውም ጠበቃ አያመጣም። ዘጋሁት። እሳቱ እንደ ነደደ፣ ጆንያው ደረቀ፣ እኛም እንደ ሠርግ ቀን ጠበቅን። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ «ጧ!» አለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ሞኝ አትሉኝም?

ፀሐይ ሳትጠልቅ የአስቴርን ወንድም ዮሐንስን ወሰዱት። ከማቴዎስ ጋር መላጊያ ይገፋ የነበረ ልጅ እግር ነው። ሰውዬው ታስሮ ቁም ሳጥኑ ከጮኸ፣ ውጭ የቀረ ግብረ አበር አለው ማለት ነዋ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል የአገሬ ሰው። ይህን ተረት ከዚያ ወዲህ አልወደውም፤ ብብቷን ማን እንደፈለቀቀው አይናገርም።

በማግስቱ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። አስቴር ሁለት ሳህን ይዛ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ውሃውን ይክፈቱት» አለችኝ።

ከፈትኩት። ቁም ሳጥኑ ዝም አለ፤ ጓድ ኃላፊም የአሻጥሩ መረብ ተበጣጠሰ ብለው በስብሰባ ተናገሩ፤ አጨበጨብን። ሁለቱ ሳህኖች ባዷቸውን ይመላለሱ ነበር። አንድ ቀን የዮሐንስ ሳህን ሙሉውን ተመለሰ።

ጓድ ኃላፊ በሹመት ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሲዛወሩ ማቴዎስ ተፈታ። ለምን እንደተፈታ የነገረው ሰው የለም። ቤቱን የተረከቡት ሌላው ሹም ሲገቡ የመጀመሪያ ትእዛዛቸው፣ «ኧረ ታፈንኩ፣ መስኮቱን ክፈቱ!» የሚል ነበር። ሚስማሩን ነቀልኩ። የሐይቁ ነፋስ ገባ፤ እርጥብ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ በነፃ ነው። ደጃፋችን ላይ ሐይቅ ተኝቶ እኔ በጆንያ ዝናብ ሳዘንብ ከርሜያለሁ። የምድጃው እሳት በዚያው ጠፋ።

በርሜሉን አስቴር ለመነችኝና ሰጠኋት፤ ጓሮዋ አስቀምጣ ውሃ ታጠራቅምበታለች። ማቴዎስ ዛሬም አናጺ ነው፤ ቁም ሳጥን ግን አይሠራም። አልፎ አልፎ እሑድ ከሰዓት ብቅ ስል ጓሮ እንቀመጣለን። ስለዚያ ነገር አንነጋገርም፤ ዝም አይነቅዝም። አስቴር የበርሜሉን ቧንቧ ጥርቅም አድርጋ ዘግታው አታውቅም። ውሃ የሚጠፋበት ከተማ ውስጥ፣ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። እኔም ዕድሜ ልኬን ቧንቧ ሳጠብቅ የኖርኩ ሰው፣ ላጥብቅልሽ ብያት አላውቅም።